እማማ ካራቻማ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ናውታ ከተማ አክስቴ ዘንድ ከገባህ እነሆ ዓመት ሊሞላህ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ዓሣ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ግን ነገሩ ወዳንተ ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ ስለ ካራቻማ ስንቴ ጨቅጭቄሃለሁ! ከአምባዛ ወገን ሆና ለምን ጋሻ እንደለበሰች፣ ከውሃ ወጥታ ስንት ሰዓት ቆይታም እንዴት እንደማትሞት፣ በዚያ ከሥር ባለው አፏ ግንድ ላይ ተጣብቃ ምን እንደምትግጥ። አንዱን ስትመልስልኝ ሌላ እጨምርብሃለሁ። አንድ ቀን እጄን ይዘህ ከወንዙ ዳር ጉድጓዷ አስገባህና እንቁላሉን አስነካኸኝ። አልሸሸችም። ለምን አትሄድም ብዬ ጠየቅሁህ።

«ብትሄድ እንቁላሉን ማን ያራግብለታል?» አልከኝ።

እናታችን በግንድ ጫኙ ጀልባ ጥላን ስትሄድ ታናሽ ወንድሜ ዊልደር ጡት እንኳ አልጣለም ነበር። ሌሎቹ አባቶች ለሳምንት ዓሣ ፍለጋ ወደ ሐይቁ ሲዘልቁ አንተ ከደጃፋችን አልራቅህም። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ዶን ኤልሚር «እማማ ካራቻማ» ያሉህ ያኔ ነው፤ መንደሩም ተቀበላቸው። አምና በደቦው ቀን የካሳቫው ጠላ ሞቅ ሲያደርጋቸው «እማማ ካራቻማ፣ ዛሬ ደግሞ ከጉድጓድሽ ማን አወጣሽ?» አሉህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅም አየኸኝ። በሳምንቱ ለሥራ ነው ብለህ ሄድክ፤ እኔም እንዳመነ ሰው ሸኘሁህ።

ባለፈው ሰኞ አንድ ትልቅ ጀልባ ያስነሳው ማዕበል የወንዙን ዳር ናደው። ሦስት ካራቻማዎች እንቁላላቸው ላይ እንዳሉ ጭቃ ተጭኗቸው ሞተው አገኘሁ። መቼም እንቁላል የምትጠብቅ «እናት» ለመብል አትነካም፤ አያቶቻችንም አልነኩም። የሞተ ግን አይጣልም ብዬ ለሾርባ ከፈትኳቸው። የአንዳቸውም ሆድ ውስጥ የእንቁላል ከረጢት የለም፤ ያለው የወንድ ዓሣ ነጭ ዘር ነው። አባዬ፣ ወንዶች ናቸው! ስለማንነካቸው ሆዳቸውን ከፍቶ ያየ የለም፤ ይኸው እስከ ዛሬ እናት ስንላቸው ኖርን።

ይዣቸው ወደ ዶን ኤልሚር ሮጥኩ። እንቁላሏን ጥላ ሆዷ ባዶ ሆኖ ነው ብለው ተከራከሩኝ። ከዚያ ሦስቱንም በጣታቸው ሲፈትሹ ቆዩና ዓሣ ይበልቱበት የነበረውን ቢላ አስቀመጡ።

«ታዲያ አባትሽን፣ ቴኦፊሎን፣ ምን ስንለው ኖርን?» አሉ።

የተረፈውን እንቁላል ገንዳ ውስጥ አድርጌ በሳህን ውሃውን አራግብለታለሁ። ክንዴ ዝሏል። ከፊሉ ነጥቶ ተበላሸ፤ በቀረው ውስጥ ግን ጥቋቁር ዓይኖች መታየት ጀምረዋል። ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም። አንተን ስንት ዓመት እንደፈጀብህም ጠይቄህ አላውቅም።

ስለ ሳቄ ይቅር በለኝ። ዓሣው ወንድም ሆነ ሴት፣ መሳቅ አልነበረብኝም።

ደብዳቤውን የሚያመጡልህ ራሳቸው ዶን ኤልሚር ናቸው፤ ሌላ ሰው ልላክ ብላቸው እምቢ አሉ። ዛሬ ጠዋት ከታንኳቸው ውሃ እየጨለፉ ለብቻቸው አንተን በክብር መጥራት ሲለማመዱ ሰማኋቸው፦ «ዶን ቴኦፊሎ… እንደምን አደሩ፣ ዶን ቴኦፊሎ።»

ሲመለሱ ታንኳው ላይ ጨው ይጫኑልኝ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ስመለስ ሰው እጭናለሁ አሉ።

ልጅህ ኔሊዳ