በርበሬ የገባበት ከርከዴ

ጀሪፍ፣ ካርቱም
ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 1995 ዓ.ም.

ዛሬ አንጀቴ እርር ብሏል። ነገ ጠዋት ሎሪው መጥቶ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ጀርመን የሚሄደውን ከርከዴ ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ አንዱን ጆንያ ብፈታ፣ ውስጡ የበርበሬ ዛላ! ሌላውን ፈታሁ፤ እሱም በርበሬ። ሰዎቹ እንደ ሻይ አፍልተው ሊጠጡት የሚገዙት አበባ እኮ ነው!

የምታሽግልኝን እትዬ ዘይነባን ጮኼ ጠራኋት።

«አብሽሪ ልጄ» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ባሕር ላይ ነቀዝ እንዳይበላብሽ ብዬ ነው። እኛ ወሎ እህል የምናስቀምጠው እንዲህ ነው።»

ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ጆንያውን ሁሉ ግቢው ውስጥ ዘርግፈን እስኪመሽ ስንለቅም ዋልን። ቀይ ከቀይ መለየት! ዓይኔ ይለበልበኛል፤ ይህንንም የምጽፈው እያስነጠስኩ ነው። ሾፌሩ ደግሞ ደውሎ፣ «ያላ! ጠዋት ካልደረሰ ጥዬሽ እሄዳለሁ» ይለኛል።

እትዬ ዘይነባ ልትሄድ ስትል በር ላይ ቆም አለች።

«የፊተኛው ጭነትስ በሰላም ደረሰልሽ?»

ገና ባሕር ላይ ነው። እሱንም ያሸገችው እሷ ናት።