ሚካኤል ፌሬንትስ በአባቱ አገር ያርፋል

በሮም ከኢትዮጵያውያን ሴቶች መረዳጃ ማኅበር ለአባላት፣ ለቼዝ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

ማክሰኞ ማለዳ ሊቀመንበራችን ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከሁለት አባላት ጋር ኤስኲሊኖ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። ወሬው ማታ ደርሷቸው፣ እንደ ባህላችን እስኪነጋ ይዘውት አድረዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ሲቆሙ ገባኝ፤ እኔም ለመርዶ ከእነሱ ጋር የሰው በር አንኳኩቼ አውቃለሁ። የማኅበራችን የቼዝ መምህር ሚካኤል ፌሬንትስ ለውድድር በሄደበት በቦሎኛ በድንገተኛ የልብ ሕመም ዐርፏል። ማኅበራችን ከባድ ሐዘን ላይ ነው።

መግለጫ መጻፍ የጸሐፊዋ ሥራ ነው፤ ጸሐፊዋ ደግሞ እኔ እናቱ እልፍነሽ ነኝ። ሊቀመንበራችን፣ ሐዘንተኛ አይጽፍም፣ ለእኛ ተዪልን ብለው ነበር። የሃንጋሪ ዘመኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ፈቀዱልኝ። እንደ ደንባችን አንቱ ብዬ ልጽፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ አባላት ይቅር በሉኝ።

ሚካኤል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ቡዳፔስት ተወለደ። እኔ ለሥልጠና የተላክሁበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አባቱ አቶ ፌሬንትስ መካኒክ ነበሩ። ቼዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

በ1993 ከአባቱ ጋር ተለያይተን እኔና እሱ ሮም መጣን። ክረምት ክረምት ወደ አባቱ ይሄድ ነበር፤ ጨዋታው የጎለበተውም እዚያ ነው።

በ2008 በሃንጋሪ ስም ተጫውቶ የዓለም አቀፍ ማስተርነት ማዕረግ አገኘ። እስከ 2014 ለአንድ የቡዳፔስት ክለብ ተሰለፈ። የክለቡ ጓደኞቹ እንደጻፉልን፣ ሲሸነፍ ካሸነፈው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እንደገና ያየው ነበር።

ከ2015 ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት በማኅበራችን አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሮማኒና ሰፈር፣ ሰላም ፓላስ በሚባለው የስደተኞች ሕንፃ ለሚኖሩ ልጆች አስተምሯል። ልጆቹ በጣልያንኛ ሲጠይቁት በአማርኛ ይመልስላቸው ነበር። እናቶቻቸው፣ የምንልካቸው ለቼዙ መስሎህ ነው? እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አባላት ሮም እንዲቀበር ቦታ አስፈቅደው ነበር፤ የእኔም ፍላጎት ይኸው ነበር። አቶ ፌሬንትስ ግን ታመዋል፤ መጓዝ አይችሉም። ረቡዕ ስደውልላቸው፣

«አንቺ እዚያ ብዙ ሰው አለሽ። እኔ የነበረኝ እሱ ብቻ ነው» አሉኝ።

አባቱ ዘንድ ይቀበር ብዬ ለአባላት ነገርኋቸው። አባላት ብዙ ተከራክረውኝ በመጨረሻ ሐሳቤን ተቀበሉ። ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን ጸሎተ ፍትሐት ከተደረገ በኋላ አስከሬኑ ወደ ቡዳፔስት ይሸኛል።

ማኅበራችን ለአባቱ፣ ለክለቡ ጓደኞችና ለተማሪዎቹ መጽናናትን ይለምናል። ሳምንታዊውን የቅዳሜ ትምህርት ትልልቆቹ ተማሪዎች ተረክበዋል።

እሱ በሚያርፍበት ቦታ በእኛ ሥርዓት ፍትሐት የሚያደርስለት ካህን የለም፤ እኔም ናፍቆት በተነሣብኝ ቁጥር መቃብሩ ድረስ መሄድ አልችልም። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በያላችሁበት ስትጸልዩ ልጄን አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ተክለ ሐዋርያት ነው፤ በዚህ ስም ጸልዩለት።