ወይዘሮ ቬርና ኩልበርት በገዛ ወገናቸው ፊት

ወይዘሮ ቬርና ኩልበርት ከአባታቸው ከአቶ ሮስኮ ታነርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድዊና፣ በአላባማ ግዛት በፌርሎ ከተማ፣ በመጋቢት ወር 1944 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። አባታቸው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነበሩ። ነጮች በፊት ለፊት በር ገብተው ይስተናገዳሉ፤ እኛ ጥቁሮች በጓሮ መስኮት። ይህን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ የልጃቸው አማት ኦዴሳ ፕሪቸት ነኝ። ጻፊልኝ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው፤ ለምን እኔን እንደመረጡ ግን እስከ ዛሬ ያጠራጥረኛል።

ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው አጠናቀው በ1966 ከመምህራን ኮሌጅ ተመረቁ። መንግሥት የጥቁርና የነጭ ልጆች አንድ ላይ ይማሩ ብሎ ባስገደደ ጊዜ የከተማው ነጮች ለልጆቻቸው የግል ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወይዘሮ ቬርናም እዚያ ለዘጠኝ ዓመታት በመዝጋቢነት አገለገሉ። በ1968 የመሬት ቀያሹን አቶ ድዋይት ኩልበርትን አግብተው አንድ ልጃቸውን ኒልን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1994 አረፉ። ኒል በ1997 ልጄን ረኒታን ሲያገባ፣ እናቱ አመመኝ ብለው ከሰርጉ ቀሩ። በማግስቱ ገበያ ውስጥ ታይተዋል።

በ2003 በጋ በወንድማቸው በአቶ ሆሊስ ታነር ቤት የቤተ ዘመድ ግብዣ ነበር። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጃችን ታሊሳ መዋኛ ገንዳው ውስጥ ስትገባ አቶ ሆሊስ፣ «ይቺን አውጧት! ውኃውን ልታስቀይረን ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሌላውም አብሮ ሳቀ። ወይዘሮ ቬርና ዝም አሉ። ሕፃኗ እየተንቀጠቀጠች ወጥታ፣ «አያቴ፣ ቆሽሻለሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ከሌሎች ነጭ ሴቶች ጋር በቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት እየተሰበሰቡ ስለ ዘረኝነት መማር ጀመሩ። አንድ ቀን የኮክ ኬክ ጋግረው እቤቴ መጡ።

«ኦዴሳ፣ አስተምሪኝ» አሉ።

«ስድሳ ዓመት እዚሁ ከተማ ኖረሽ ምን ያላየሽው አለ? እኔ ተማሪ አልፈልግም። ወንድምሽን አስተምሪ።»

ኬኩን ተቀበልኩ፤ ቤት ግን አላስገባኋቸውም።

ቀጥለው ሦስት እሑድ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዲያቆን ኤሞሪ፣ «ፎቶ አንሺውን ረስተውት መጡ እንዴ?» ብለው አንሾካሾኩልኝ። ሳቅኩ። ሁሉም ነገር ለመታየት የሚደረግ ነበር የሚመስለኝ።

የከተማችን መቃብር ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ አጥር ነበረው። በ2011 አጥሩ ይነሣ የሚል ጥያቄ ለመቃብሩ ማኅበር ቀረበ። ሰብሳቢው አቶ ሆሊስ ነበሩ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ወይዘሮ ቬርና ተነሡ።

«ያንን የጓሮ መስኮት ያስከፈተው አባታችን ነው። ትምህርት ቤታችን ጥቁር ልጅ አይቀበልም የሚለውን ደብዳቤ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የልጅ ልጄ ስትሰደብ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። ሆሊስ፣ ይብቃን።»

«ተቀመጪ! ጥቁሮቹ እንዲያጨበጭቡልሽ ነው?»

«ማን አጨበጨበልኝ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ አላጨበጨብንም። ዞር ብለው ያዩናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላዩንም። አቶ ሆሊስ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አሉ። ድምፅ ተሰጥቶ አጥሩ ባለበት ቀረ። ወይዘሮ ቬርና ግን ያንኑ ጥያቄ ይዘው በየዓመቱ ተመለሱ፤ በ2018 አጥሩ ተነሣ። ወንድማቸውም ቃላቸውን አላጠፉም፤ የእህታቸውን ደጅ ዳግም አልረገጡም።

በ2021 ወይዘሮ ቬርናን የቆሽት ካንሰር ያዛቸው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«እውነቱን ንገሪኝ። ለእኛ ብለሽ ነው ወይስ ለስምሽ?»

«መጀመሪያ ለስሜ ነበር፤ ጥሩ ሰው ነሽ እንድትዪኝ። ሆሊስ በሩን ሲዘጋብኝ ማቆም አማረኝ።»

«ታዲያ ለምን አላቆምሽም?»

«አንቺ ማቆሜን እየጠበቅሽ ነበራ! እልህ ያዘኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው እስኪያስላቸው ድረስ።

ወይዘሮ ቬርና ጥር 9 ቀን 2022 በተወለዱ በ77 ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸውን ኒልን፣ ምራታቸውን ረኒታንና የልጅ ልጃቸውን ታሊሳን ትተው አልፈዋል። ወንድማቸው አቶ ሆሊስም በሕይወት አሉ፤ ስማቸው ከዚህ እንዳይቀር አደራ ያሉኝ ወይዘሮ ቬርና ናቸው።

ልብን የሚመረምር አምላክ ነፍሳቸውን በደግ ይቀበል። እኔ መርምሬ አልጨረስኩም፤ እሱ ግን ጨርሷል።