ስለ ሠዓሊ ጋሼ መስመር ዕረፍትና «ወረፋ» የተባለው ሸራቸው ስለሚሰቀልበት አዳራሽ

የሠዓሊያን ማኅበራችን አንጋፋ አባል፣ ሁላችንም «ጋሼ መስመር» የምንላቸው ሠዓሊ፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ትናንት ጠዋት በቤታቸው ዐርፈዋል። ማኅበሩ ጥልቅ ሐዘኑን ሲገልጽ፣ ይህ መግለጫ ዛሬ እንዳይወጣ የፈለጉ አባላት እንደነበሩም አይደብቅም። ምክንያቱ ከዚህ በታች ተመልክቷል።

ጋሼ መስመር በ1974 ጣሪያው የሚያፈስ ጥንታዊ ሕንፃ ውስጥ የግድግዳ ሥዕሎችን እንዲጠግኑ ተመደቡ። ለሁለት ወር የተላኩት ሰው አሥራ አራት ወር ቆዩ። እርጥበት በላጠው ቀለም ሥር ሌላ ሥዕል፣ ከእሱም ሥር ሌላ አገኙ፤ ሦስት ዘመን፣ ሦስት እጅ። «የኋለኞቹ የቀደመውን አልፋቁትም፤ ላዩ ላይ ቀጠሉ» ብለው በሪፖርታቸው ጻፉ። የመደባቸው መምሪያ ኃላፊ ሪፖርቱ አጭር ነው ብለው መለሱት። እሳቸውም መጨረሻው ላይ የረሱትን አራት ነጥብ ጨምረው መልሰው ላኩት።

ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ፊት ለፊት የሚያፈጡትን ትልልቅ ዓይኖችና በአንድ ትንፋሽ የሚሰመረውን ጥቁር መስመር ወደ ዛሬ ሰው አመጡ፤ ስልኩን ወደያዘው፣ ታክሲ ወደሚጠብቀው።

በ1991 ወደ ውጭ አገር ለአንድ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ የላኩት የመጀመሪያ ሥራ ሳይሰቀል ተመለሰ። አብሮት የመጣው ደብዳቤ ሥራው የቅርስ ክፍልን እንጂ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ክፍልን እንደማይመለከት ይገልጻል። «ቅርስ ከሆንኩማ ምነው በየቀኑ ይርበኛል?» ሲሉ ጻፉላቸው። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አልመጣም።

ዘንድሮ ግን ዓለም አቀፉ ዐውደ ርእይ «ወረፋ» የተባለውን የዘጠኝ ሜትር ሸራቸውን ተቀበለ። ሸራው ላይ ያሉት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የተሰለፉ አርባ አንድ ሰዎች ናቸው። ሊቀመንበራችን ሃያ ሦስተኛው ሲሆኑ፣ ጆሯቸው ተጋንኗል ሲሉ ያቀረቡት አቤቱታ በማኅበሩ ተመርምሮ ውድቅ ሆኗል።

ሸራው አሁን በላይኛው አዳራሽ፣ በሕይወት ካሉ የዓለም ሠዓሊያን ሥራዎች ጋር ተሰቅሏል። ይሁንና በዐውደ ርእዩ ደንብ መሠረት በመክፈቻው ዕለት በሕይወት የሌለ ሠዓሊ ሥራ «ምንጮች» ወደተባለው ምድር ቤት ይወርዳል። ለመክፈቻው አምስት ቀን ቀርቷል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥራ አስፈጻሚው በዚሁ ጉዳይ ተሰበሰበ። ምክትል ሊቀመንበሩ ቀብሩ በቤተሰብ ብቻ በጸጥታ እንዲፈጸም፣ መግለጫውም ስድስት ቀን እንዲቆይ ሐሳብ አቀረቡ። «ጋሼ በሰዓቱ የደረሱበት ቦታ ኖሮ አያውቅም፤ አሁንስ ትንሽ ቢዘገዩ ማን ይጠረጥራል?» አሉ። ድምፅ ሲሰጥ አራት ለአራት ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ የነበረችው የመጨረሻ ልጃቸው፣ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰምታ ገባች። «አባባ በሕይወት አሉ እየተባለ እኔ ልቅሶዬን የት ላድርገው? ትራስ ውስጥ? በውሸት ላይኛው አዳራሽ ከሚሰቀሉ በእውነት ምድር ቤት ይውረዱ» አለች። ድምፅ በድጋሚ ተሰጠ፤ ስምንት ለዜሮ። ምክትሉም እጃቸውን አውጥተዋል፤ ቀና ብለው ግን አላዩዋትም።

ስለሆነም ማኅበሩ የጋሼ መስመርን ዕረፍት ዛሬ ጠዋት ለአዘጋጆቹ በደብዳቤ አሳውቆ ሸራው ካለበት እንዳይነሣ ጠይቋል። ምንጩን ከወንዙ የሚለይ ደረጃ የት ላይ እንደተሠራም እንዲያስረዱን አክለናል። በዚያው አዳራሽ ሥራቸው የተሰቀለ ሦስት አባሎቻችን «ወረፋ» ከወረደ የእነሱም አብሮ እንዲወርድ ፈርመዋል። አንዷ ይህን ዕድል አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀች ናት። ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጣ፣ በሦስተኛው ፈርማለች። መልሱን እስከ ነገ የሥራ መውጫ ሰዓት እንጠብቃለን፤ ምን እንደሚሉ አናውቅም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሙያ ባልደረቦቻቸው በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ነገ በስምንት ሰዓት ሁሉም በተገኘበት ይፈጸማል። የማኅበሩ አዳራሽ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ለሐዘንተኛ ክፍት ነው። አንቺም ልጃችን፣ ድምፅሽን ሳትቀንሺ አልቅሺ።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ