አንድ መዝገብ፣ ሁለት ዝርዝር

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ማታ 1 ሰዓት
ከኮምቦልቻ አሁን ገባሁ። ፋብሪካው እግሬን ጨርሶታል። ስልኬን ስከፍት የቅሬያችን፣ የእድራችን፣ ግሩፕ በጭቅጭቅ ይነዳል። ጋሽ ይማም፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ መዝገቡ ላይ የየሰዉ ብሔር ይጻፍ፣ ከዚያ ቅሬው ለሁለት ይከፈል ይላሉ። ሬሳ ለመቅበር ብሔር! ጸሐፊዋ ደግሞ እኔ። አባዬ ከደላንታ፣ እማዬ ከባቲ፤ ራሴን የቱ ጋ ልጻፍ? አቦ ተዉን! ደብተሬ፣ ደሜ ፈልቷል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ሰፈራችን ሆጤ ሙሉ ተኳርፏል። ሰላምታም በብሔር ሆነ። ኮሚቴው ፈራ። ሁለት ዝርዝር አዘጋጂ ተባልኩ። እያለቀስኩ ጻፍኩ። አባዬና እማዬ በአንድ ጣራ ስር፣ በሁለት ወረቀት ላይ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
አበድኩ። በምሳ ሰዓት ግሩፑ ላይ ለጋሽ ይማም ጻፍኩ፦ አንተ ራስህ መጤ ነህ፣ የመጣህበት ተመለስ። አንተ ብዬ! ሃያ ዓመት ጨው የተበዳደርነውን ሰው። ሰባት ሰው አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። መልእክቱን አጠፋሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ማታ የጋሽ ይማም እናት፣ እማማ ዘነቡ፣ በአጥር ጠሩኝ። ልጅ ሆኜ ሹሩባ የሚሠሩልኝ እሳቸው ነበሩ። የጻፍኩትን ሰው አንብቦላቸዋል። መጤ የተባልነው እኛ ነን ወይ ልጄ፣ አሉኝ። ወጥ ጥጃለሁ ብዬ ሮጬ ገባሁ። ነገ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ሁለት ፈረቃ ሠራሁ። አልሄድኩም። ነገ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16፣ ጠዋት 2 ሰዓት
እማማ ዘነቡ ንጋት ላይ አረፉ።

ጡሩምባ ተነፋ። ኮሚቴው ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ ድንኳን የሚተክለው የእነሱ ዝርዝር ብቻ ነው። በመስኮት አያለሁ። ጋሽ ይማም፣ እናቱ የሞተችበት ሰው፣ አራት ሰው ይዘው ከድንኳን ምሰሶ ጋር ይታገላሉ። የለመኑትን አገኙ ልል ነበር።  ግን ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሁለቱንም ዝርዝር ቀደድኩ። አሮጌውን መዝገብ አወጣሁ። ኮሚቴው ከፈለገ ያባርረኝ! አባዬ ምሰሶ ሊይዝ ወጥቷል፣ እማዬም ተከትላዋለች። ከቀብር መልስ ስም ጥሪው የኔ ነው። መጀመሪያ በሰው ሁሉ ፊት ጋሽ ይማምን ይቅር ይበሉኝ እላለሁ። እርስዎ ብዬ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ እጠራለሁ፣ እንደ ድሮው ከተራ ቁጥር አንድ። ቅሬውን ከመሠረቱት ሰዎች የመጀመሪያዋ፦ ዘነቡ።