አንዷለምን ላስቀረው ሐይቅ አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ከቢሮዎ መስኮት የሚታየው ሰማያዊ ውኃ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። በእንግሊዝኛ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ አለመነበቡ ካልቀረ ብዬ ይህን በማለቅስበት ቋንቋ ጽፌዋለሁ።

ሩሐማ እባላለሁ። ባለቤቴ አንዷለም በስደት በመጣንባት ሌዊስቪል ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። የተወለደው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው፤ እናቱ «ሳይራመድ ዋኘ» ይሉታል። ባለፈው ሐምሌ አንድ እሑድ ሙቀቱ ሲብስብን፣ እርስዎ ወደሚያስተዳድሩት ሃክቤሪ ሐይቅ ወረድን። እኔ ዋና አልችልም። ሳመነታ አይቶ፣ «ነይ ሩሐምዬ፣ ሐይቅ እኮ ዳሩ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፤ ሪላክስ አድርጊ» አለኝ። እሱ የሚያውቀው እግዚአብሔር የሠራውን ሐይቅ ነበር። ጉልበቴ ድረስ ገባሁ፤ ቀጥዬ ስረግጥ መሬት የለም። አንዷለም ደርሶ ወደ ዳር ገፋኝ። ሣር ጨብጬ ስዞር እሱ አልነበረም። ጠላቂዎች በማግሥቱ ውኃ ከዋጠው ዛፍ ቅርንጫፎች መሐል አወጡት።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይህ ነው፦

1ኛ. ስለ ቅንነታችሁ። ቢሮዎ መጥቼ ሳለቅስ፣ ሜሪ የምትባል ሠራተኛችሁ ካርታ ዘርግታ፣ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት እዚያ ቦታ የጅረት ገደል እንደነበረ አሳየችኝ። «በጣም አዝናለሁ፤ እዚህ ሁላችንም እናውቀዋለን» አለችኝ። ማወቃችሁ አጽናንቶኛል።

2ኛ. ስለ ምልክቶቻችሁ። ውሻ መልቀቅ፣ ጠርሙስ መያዝና ሣር ላይ መኪና ፓርክ ማድረግ ክልክል መሆኑን በየዛፉ ጽፋችሁልናል። ስለ ገደሉ ያልጻፋችሁት የሐይቁ ውበት እንዳይበላሽ ብላችሁ መሆን አለበት። አልተበላሸም።

3ኛ. ስለ ንጽሕናችሁ። የአንዷለም ወንድም ገመቹ ዳሩ ላይ ያኖረውን አበባና ፎቶግራፍ በነጋታው እንደ ቆሻሻ አንስታችሁልናል። ገመቹ ፎቶግራፉን ከቆሻሻ ገንዳ ፈልጎ አወጣው፤ በሸሚዙ ጠርጎ ኪሱ ከተተውና ቤት እስክንደርስ አላናገረኝም። የተቀየመው እናንተን ይሁን፣ በወንድሙ ፋንታ የተረፍሁትን እኔን፣ እስካሁን አልጠየቅሁትም።

አማቴ ከዝዋይ ደውለው፣ «ልጄ፣ ምን ዓይነት ሐይቅ ነው?» አሉኝ።

«ሰው የሠራው ነው፣ እማማ» አልኋቸው።

«ታዲያ የሠራው ሰው ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸውን በታላቅ አክብሮት ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ድርቅ እንዳይደርስብዎ፣ ሐይቅዎም እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ ትሕትና ጋር፣

ጎብኚዎ፣
የአንዷለም ሚስት ሩሐማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ ዳር ቆሜ ወደ ውኃው የሚገባውን ሁሉ ሳስጠነቅቅ፣ ጥበቃዎ መጥቶ «ጎብኚዎችን እያስፈራሽ ነው» ብሎ አስወጣኝ። እውነቱን ነው፤ አንዲት እናት ፈርታ ልጆቿን ከውኃው አውጥታ ነበር። በሚመጣውም እሑድ እመጣለሁ።