ውሃው ሲወርድ

ሰኞ፣ ኅዳር 7፣ ከምሳ በፊት
ዛሬም ያቺን ፒን ስበይድ አረፈድኩ። ለአሪቻው ቡና ማጠቢያ የምንሠራው ቦርድ ነው። የገንዳው ውሃ ሲጎድል ተንሳፋፊው ኳስ ይወርዳል፣ የቦርዱ መግቢያ እግር፣ ጂፒአይኦ ፒኗ፣ «ተነስ» የሚል ምልክት፣ ኢንተራፕት፣ ትልካለች፣ ቦርዱ ፓምፑን ያስነሳል። ዓመት ሙሉ የኔ ሥራ ነበር። አሁን ናሆም መጣ፣ ከአዲስ አበባ፣ ገና ሁለት ወሩ። ምኑ የትኛው ፒን ላይ እንደተሰካ ለቦርዱ ዋና ፕሮግራም፣ ለከርነሉ፣ የሚነግረውን ፋይል፣ ዲቫይስ ትሪውን፣ አለቃችን ዶ/ር ለሱ ሰጡት። «ናሆሜ» ይሉታል። እኔን «ወ/ሪት ሳሮን»። ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ ቀንቻለሁ። ሌላ ስም የለውም።

ረቡዕ፣ 9፣ ከሰዓት
ናሆም ከወንበሩ ሳይነሳ ኢንተራፕቱ መቼ ይምጣ ይለኛል። እኔም ዞር ሳልል፣ «ውሃው ሲወርድ»። ጻፈ። ሞከረ። ኳሱን በጣቱ አንዴ ጫን ሲያደርገው ስክሪኑ በመልእክት ተጥለቀለቀ። ዶ/ር እንዴት ንቁ ነው ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት!

ኋላ ፋይሉን አየሁት። ጉድ! እኔ «ሲወርድ» ያልኩት በወረደባት ቅጽበት፣ አንዴ ብቻ ለማለት ነው። እሱ የገባው ወርዶ እስካለ ድረስ። እንዲያ ብሎ ነው የጻፈው። አማርኛው ለሁለቱም ይሆናል፣ ለከርነሉ ግን አይሆንም። ውሃው እስኪመለስ ኢንተራፕት በላይ በላዩ ይዘንብበታል፣ ቦርዱ ስታክ አድርጎ ደርቆ ይቀራል፣ ፓምፑም አይነሳም። ለማንም አልነገርኩም። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽሽ።

ዓርብ፣ 11
ነገ አሪቻ ሄደን እንገጥማለን። መሪው ናሆም! ምሳ አልበላሁም። ገንዳው ሲጎድል ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ የማጠቢያው ኃላፊ ወ/ሮ አስቴር ደወሉ። የገበሬው እሸት ቡና እየገባ ነው፣ ፓምፑን በእጁ የሚያስነሳውን ሠራተኛም በኛ ተማምነው ወደ ሌላ ሥራ አዛውረውታል። ሳቄ ጠፋ። ቡናው በጊዜ ካልታጠበ ይበላሻል። የሰው የዓመት ልፋት።

እነግረዋለሁ። ለብቻው? አይ። ዶ/ር ባሉበት።

ቅዳሜ፣ 12፣ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ
ጠዋት ከዲላ ሳንነሳ ተናገርኩ፣ በዶ/ር ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ናሆም ፋይሉን ከፈተ፣ አንዲት ቃል ቀየረ፣ አለቀ። ዶ/ር እንዴት ተሳሳትክ ሲሉት የኔ ጥፋት ነው አለ። እሷ ናት እንዲህ ያለችኝ አላለም። ቀና ብሎ አየኝ። አይቼ እንደተውኩት ያውቃል።

አሪቻ ፓምፑ ተነሳ። ወ/ሮ አስቴር ስህተቱን እኔ እንዳገኘሁት ሰምተው መረቁኝ። አልጣፈጠኝም። አሁን ደግሞ በጨዋነቱ ቀናሁ፣ ይሄኛው ይብሳል።

ዶ/ር ከፊት ተቀምጠዋል። ዲላ ሳንገባ «ሲወርድ» የሚለው ቃል ከኔ አፍ እንደወጣ እነግራቸዋለሁ፣ ናሆም እየሰማ። ይርጋጨፌ ቆመናል፣ ሞተሩ ጠፍቷል። አሁን ልነግራቸው ነው።